ያልተጣላን ባልና ሚስት ስንታረቅ

ትሬለሩን የገዛነው ሚስቴ ዝምታ ስለፈለገች ነው። ይህን ከመጀመሪያው የምናገረው፣ በኋላ የሆነውን የሰማ ሰው ሁሉ ለድግስ የገዛነው ስለሚመስለው ነው።

በፈረንጆቹ 2020፣ ወረርሽኙ ሁላችንንም ቤት በዘጋበት ዓመት፣ ሐምሌ ላይ ነው። ሚስቴ የምትሠራው አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ነው። ከሥራ ባልደረቦቿ ግማሹ ታሞ፣ ግማሹ ፈርቶ ስለቀረ ደብል ሺፍት ትገባ ነበር። አንድ ቀን ከሥራ መጥታ፣ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ፣ ገላዋን ታጥባ ወጣችና ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ "ሰው የሌለበት ቦታ ውሰደኝ" አለችኝ።

የእኔ ነገር ደግሞ ተቃራኒው ነበር። እኔ መንገደኛ ከአውሮፕላን ማረፊያው ወደ ሆቴል የማመላልስ ሹፌር ነበርኩ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከየአገሩ ለሚመጣ ሰው ስለ አየሩ፣ ስለ ኳሱ፣ ስለ መንገዱ መዘጋጋት ሳወራ ኖሬ፣ መንገደኛ ሲቀር እዚህ ፈረንጅ አገር ዋይትሆል የሚባል ሰፈር ባለችው ቤታችን ውስጥ ከፍሪጅ ጋር ተፋጥጬ ቀረሁ። ወሬ ጠማኝ። እሷ ስትገባ በር ላይ ጠብቄ እጀምራለሁ። ጎረቤታችን በሳምንት ሦስት ጊዜ ሳር እንዳጨደ፣ ፖስታ የምታድለው ሴትዮ ማስክ እንደቀየረች፣ ፌስቡክ ላይ ለሁሉም በሽታ ዝንጅብል የሚያዘው ሰውዬ ዛሬ ምን እንዳለ። እሷ "እህ" ትላለች። እኔም ጨዋታው የጣማት መስሎኝ እቀጥላለሁ። ሰው የሌለበት ቦታ ስትለኝም በሽታው የሌለበት ማለቷ መሰለኝ። ዓይኔ ሥር ያለውን ነገር እንዲህ ሳላየው መቅረቴ ዛሬም ያናድደኛል።

ትሬለር በመኪና የሚጎተት ትንሽ ቤት ነው። አልጋ፣ ምድጃ፣ የእጅ መታጠቢያና ሁለት ሰው ጉልበት ለጉልበት ተጋጭቶ የሚቀመጥበት ጠረጴዛ አለው። የእኛን የገዛነው ሂልቶፕ በሚባል ሰፈር ጓሮው ውስጥ ካቆመው አንድ ፈረንጅ ሽማግሌ ነው። ሰውየው እያንዳንዱን ቁልፍ እያበራና እያጠፋ ሲያሳየኝ ሚስቴ ገብታ በሩን ከውስጥ ዘጋች። ሩብ ሰዓት ያህል ቆየች። ሽማግሌው አየኝ፣ እኔም አየሁት። ስትወጣ "ይሄ ይበቃኛል" አለች። "ይበቃናል" አላለችም። እኔ ግን በዚያን ሰዓት የማስበው ትሬለሩን ስለሚጎትተው ፒካፕ ነበር።

ጥፋቴ ለአንድ ሰው መናገሬ ነው። ለአንድ ሰው ብቻ ነው የተናገርኩት፤ ለዚያውም በስልክ። ይህ ሰው ሂልቶፕ የሚኖር የትምህርት ቤት አውቶቡስ የሚነዳ ወዳጄ ነው፤ የወር ማኅበራችን አባልም ነው። በየወሩ በየቤታችን በተራ እየተሰበሰብን የምንበላውና የምንጸልየው ማኅበር በወረርሽኙ ምክንያት ከተቋረጠ አራት ወሩ ነበር። ወዳጄ በማግስቱ ማስኩን አገጩ ላይ አንጠልጥሎ መጣ። ትሬለሩን ሦስት ጊዜ ዞረው። ጎማውን በእግሩ መታ መታ አደረገና ዓይኑ እንባ አቅርሮ "ማኅበራችን ዳነ!" አለ።

ሐሳቡ ቀላል ነበር። ቤት ውስጥ መሰብሰብ ክልክል ነው፤ ሜዳ ላይ ግን አይከለከልም። ስለዚህ ሁሉም ትሬለር ገዝቶ ወይም ተከራይቶ ሐይቅ ዳር ይሰበሰባል። መስከረም ላይ ሦስት ሆንን። በክረምቱ፣ በረዶው ደጃችንን ሲዘጋው፣ ዙም ላይ ደንብ ስናረቅ ከረምን። የእኛ ሰው ለሽርሽር ሲሄድ እንኳን ያለ ደንብ አይንቀሳቀስም። ሊቀመንበር፣ ምክትል ሊቀመንበር፣ ጸሐፊ፣ የእሳት ጉዳይ ኃላፊ፣ የምድጃ ጋዝ ጉዳይ ኃላፊ ተመረጡ። የትሬለር ጉዳይ ኃላፊ መምረጥን ግን ማንም አላስታወሰም። ጸሐፊው ያው የሂልቶፑ ወዳጄ ሆነ። ሊቀመንበሩ እኔ ሆንኩ።

መቼም ይህን ስናገር አላፍርም፤ ልቤ ቅቤ ጠጣ። በሕይወቴ የክፍል አለቃ እንኳን ሆኜ አላውቅም። ሚስቴ የሌሊት ሺፍት ሠርታ ጎን ባለው ክፍል ተኝታ ሳለ እኔ ሳሎን ውስጥ ኮት ለብሼ፣ ከታች ግን በፒጃማ፣ "የተከበራችሁ አባላት" እያልኩ ጉባኤ እመራ ነበር። አንድ ጊዜ በሩን ከፍታ አየችኝ። መልሳ ዘጋችው።

ከደንቡ ሁሉ የምንኮራበት አንቀጽ አራት ነበር። "አባል ብቻውን አይበላም፤ ብቻውን አይቀመጥም፤ ብቻውን አያዝንም" ይላል። ጸሐፊው ሲያነበው ድምፁ ተንቀጠቀጠ። በዚያ ዓመት ስንቱ ብቻውን ታሞ ብቻውን እንደዳነ፣ ስንቱም ቀባሪ እንኳን ሳያገኝ እንደተሸኘ የምናውቅ ሰዎች ስለሆንን እኔም እንባዬ መጣ። አንቀጹ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ጎን ያለው ክፍል ውስጥ የተኛችውን የጠየቃት አልነበረም።

በሚቀጥለው ዓመት ሰኔ ላይ ሰባት ትሬለር ሆነን ከከተማው በስተሰሜን ወዳለ አንድ ሐይቅ ዘመትን። ትሬለርን ወደፊት መጎተት ማንም ይችላል። ወደ ኋላ አስገብቶ በተመደበለት ቦታ ማቆም ነው ጣጣው፤ መሪውን ወደ ቀኝ ስታዞረው እሱ ወደ ግራ ይሄዳል። ይህን የሚያውቅ ከመካከላችን አንድም ሰው አልነበረም፤ የሚያስተባብር ግን ሞልቷል። እኔ ስገባ አምስት ሰው ከኋላ ቆሞ "ና! ና! ና! ወደ ግራ ስበረው! ኧረ ወደ ቀኝ! ና! ችግር የለም ና!" ይለኛል። የእንጨቱን ጠረጴዛ ገጭቼ ካጋደምኩት በኋላ "በቃ!" አሉኝ። ፈረንጆቹ ከየወንበራቸው ተነስተው አዩን። ሚስቴ ከመኪናው ወርዳ ዛፍ ሥር ቆማለች፤ ዓይኗ ግን ሐይቁ ላይ ነው።

ፓርኩ እያንዳንዱን ቤተሰብ በዛፍ ከልሎ፣ በመሃሉ ቦታ ትቶ፣ ሰው ከሰው እንዳይረባበሽ አድርጎ ነው የሚመድበው። እኛ ይህ አሠራር ክፉ ስህተት መስሎን በግማሽ ሰዓት ውስጥ አረምነው። ሰባቱን ጠረጴዛ ተሸክመን አንድ ቦታ ገጠምነው። የፓርኩ ጠባቂ፣ ትሁት ወጣት ሴት፣ መጥታ ጠረጴዛ ማንቀሳቀስ እንደማይፈቀድ ስትነግረን ጸሐፊያችን "ዊ አር ዋን ፋሚሊ" አላት። ቆጠረችን። ሠላሳ አንድ ነን። ትከሻዋን ነቅንቃ ሄደች።

ከጎናችን አንድ ፈረንጅ ብቻውን ሰፍሮ ዓሣ ያጠምድ ነበር። ብቻውን መሆኑ ሴቶቹን እንቅልፍ ነሳቸው። "ምስኪን፣ ሰው የለውም" ብለው ሳህን ሞልተው ላኩለት። አመስግኖ በላ። ምሳም ሲላክለት አመስግኖ በላ። ማታ ሦስት ወንዶች እንዲያጫውቱት ተመድበው ሄዱ፤ ከነሱም አንዱ እኔ ነበርኩ። ስለ ዓሣው ጠየቅነው፤ ስለ ልጆቹ ጠየቅነው፤ ለምን ሚስት እንደሌለው ጠየቅነው። ጨዋ ሰው ነው፤ ሁሉንም መለሰ። በማግስቱ ስንነሳ ትሬለሩን ነቅሎ ከሐይቁ ማዶ ሄዶ ሰፍሯል። "ሥራ ተጠርቶ ይሆናል" ተባባልን። ማዶ ቁጭ ብሎ ሲያጠምድ እያየነው ነው እንግዲህ።

በዚያው ጠዋት ሚስቴ ተጣጣፊ ወንበሯንና አንድ ስኒ ይዛ ውሃው ዳር ወረደች። ወንበሩን ዘረጋችና ጀርባዋን ለእኛ ሰጥታ ተቀመጠች።

አምስት ደቂቃ ታገስን። በአሥር ደቂቃው የጸሐፊው ሚስት "እሷ ምን ሆና ነው?" አለች።

"ሪላክስ እያደረገች ነዋ" አልኩ።

"ብቻዋን?"

አንዷ ተነስታ ዳቦ ወሰደችላትና አጠገቧ ቁጭ ብላ ስታጫውታት ቆየች። እሷ ስትመለስ ሌላዋ "ይበርዳታል" ብላ ጋቢ ይዛ ወረደች። ሰኔ ነው፤ እኔ በቲሸርት ያልበኛል። ሦስተኛዋ ጋቢው ይሞቃታል ብላ ውሃ ይዛ ሄደች። ሚስቴ ሁሉንም አመስግና ተቀበለች፤ የሄዱላት ሰዎች ሲመለሱ ግን ወንበሯን አንስታ ትንሽ ራቅ ታደርገዋለች። እኛም ከላይ ሆነን እየተከታተልን "ራቀች፣ አሁንም ራቀች" እንላለን። ዳቦው፣ ጋቢውና ውሃው በየተወችበት ቦታ ተራ በተራ ቀሩ።

እኔ ቀስ በቀስ መናደድ ጀመርኩ። ሠላሳ ሰው እያየኝ የሊቀመንበሩ ሚስት አንቀጽ አራትን በጠራራ ፀሐይ ትጥሳለች! ወረድኩና "ኧረ ሰው እያየን ነው" አልኳት።

"እኔ ማንንም እያየሁ አይደለም" አለችኝ፤ ከውሃው ላይ ዓይኗን ሳታነሳ።

ስመለስ ፊቴን አይተው ሁሉን ነገር ጨረሱት። ተጣልተዋል! ከምሳ በኋላ ሽማግሌ ተቀመጠ። ሰብሳቢው ኢስትሙር የሚኖሩት፣ ግሮሰሪ ያላቸው ጋሼ ናቸው። በሱዳን በኩል በስደት የመጡ፣ ከሁላችን በፊት እዚህ አገር የገቡ፣ የከተማችንን ግማሽ ባልና ሚስት ያስታረቁ ሰው ናቸው። ሁለተኛዋ፣ እንደ ታላቅ እህት የምናያቸው አንዲት እትዬ ናቸው። ሦስተኛው ጸሐፊው ነው፤ ደብተሩን ይዞ። ዛፍ ሥር ሦስት ወንበር ተደርድሮ እኔ ፊት ለፊት ተቀመጥኩ።

"ልጄ፣ ምን አድርገሃት ነው?" አሉ ጋሼ።

"ኧረ ምንም! አልተጣላንም እኮ ጋሼ።"

"ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው" አሉና እትዬን አዩዋቸው። እትዬም ራሳቸውን ነቀነቁ።

"እውነቴን ነው!"

"እኔ በዚህ ከተማ 'አዎ ተጣልተናል' ብሎ የጀመረ ሰው አስታርቄ አላውቅም" አሉ ጋሼ። ጸሐፊው ጻፈው።

ከዚያ ጥያቄው ወረደብኝ። መጠጥ ነው? አይደለም። ሌላ ሴት ናት? ኧረ በስመ አብ! የአንተ ቤተሰብ ነው ወይስ የሷ? ማንም አይደለም። "አይደለም" ባልኩ ቁጥር እትዬ ነገሩ ከባድ ነው እያሉ ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ። ከሦስት ሰው ፊት ጥፋት አጥቶ መቀመጥ እንዴት እንደሚያሳፍር የደረሰበት ያውቀዋል። ላቤ ፈሰሰ። ሽማግሌዎቹን ባዶ እጃቸውን ላለመመለስ ብዬ በጭንቅላቴ ውስጥ አንድ ቅያሜ ስፈልግ ስፈልግ አገኘሁ። ሳወራ ደግሞ የእውነቴን ተናደድኩ።

"ካነሳችሁት አይቀር ልናገር" አልኩ። "ከዓመት ወዲህ እንደ ሰው አታዋራኝም። እኔ እለፈልፋለሁ፣ እሷ 'እህ' ትላለች። በገዛ ቤቴ እንግዳ ሆኛለሁ። እኔም ሰው ነኝ!"

"ይኸው!" አሉ ጋሼ፣ ደስ ብሏቸው። "ተገኘ።"

እንዲህ አድርገን አንድም ጠብ ያልነበረበት ቦታ ላይ ጠብ ወለድን። ሚስቴ ተጠራች። ሽማግሌ ጠርቷት አልመጣም ማለት ስለማትችል ወንበሯን አጣጥፋ መጣች። "ተቀመጪ ልጄ" ሲሏት ተቀመጠች። "ምን ሆናችሁ?" ሲሏት "ምንም አልሆንንም ጋሼ፤ አልተጣላንም" አለች። ጸሐፊው ጉሮሮውን ጠራርጎ ደብተሩን ገለጠና የእኔን ክስ ቃል በቃል አነበበላት። "በገዛ ቤቴ እንግዳ ሆኛለሁ" የሚለው ላይ ሲደርስ ቀና ብላ አየችኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር።

"ሥራ ቦታዬ ቤተሰብ ወደ ውስጥ አይገባም ነበር" አለች፣ እያየችኝ። ድምፅዋ ከፍም ዝቅም አላለም። "አሮጊቶቹን ልጆቻቸው የሚጠይቋቸው ውጪ ቆመው በመስኮት ነው። መስታወቱ ወፍራም ነው፤ እነሱም ጆሯቸው አይሰማ። እኔ መሃል ቆሜ ልጆቹ የሚሉትን እየሰማሁ ጆሯቸው ላይ እጮሃለሁ። 'ማም፣ አይ ላቭ ዩ' እላለሁ በዚህ አክሰንቴ። 'ቶሎ ስላልመጣሁ ይቅር በዪኝ' እላለሁ። አንዱ ቤቷን እንደሸጡት ሲነግራት በኔ አፍ ነው የሰማችው። ስታለቅስም ያቀፍኳት እኔ ነኝ። መስኮቱ ጋ ሳይወሰዱ በፊት ፀጉራቸውን አበጥራለሁ። ከዚያ አንዷ ትሄዳለች፤ ሌላዋን አበጥራለሁ። ቀኑን ሙሉ የሌላ ሰው ልጅ ሆኜ ስጮህ እውላለሁ። ቤቴ ስገባ የራሴ የሚባል ድምፅ አይተርፈኝም።" ወደ ውሃው ዞር ብላ አየች። "አንድ ቀን ማንም ምንም ሳይለኝ፣ እኔም ለማንም ምንም ሳልል መዋል ነው የፈለግኩት። ከሱ ጋር አልተጣላሁም። ከማንም ጋር አልተጣላሁም።"

ጸሐፊው ብዕሩን አስቀመጠ። እትዬ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ጋሼ ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። ይህን ሁሉ የሰማሁት ከሌሎች ሦስት ሰዎች ጋር እኩል ነው። አንድ ዓመት ሙሉ በር ላይ እየጠበቅኋት ስለ ጎረቤት ሳር ስነግራት፣ "አንቺስ እንዴት ዋልሽ?" ብዬ መልሱን ጠብቄ አላውቅም። ሽማግሌዎቹ ያወቁት ጥበበኛ ስለሆኑ አይደለም። ጠይቀው ዝም አሉ፤ በቃ።

"ይቅር በይን ልጄ" አሉ ጋሼ።

እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ግን ሽማግሌ ከተቀመጠ ሳያስታርቅ አይነሳም፤ ወጉ ነው። ያልተጣላን ሰዎች መታረቅ ነበረብን። ተነስቼ አጎንብሼ ትከሻዋን ሳምኩ፤ እሷም ሳመችኝ። ወዲያው ከዛፎቹ ጀርባ እልልታው ቀለጠ። ለካ ማኅበሩ በሙሉ ቆሞ ሲሰማ ኖሯል! ዝምታ እንደምትፈልግ በጆሯቸው የሰሙት ሰዎች ሁሉ ከበቧት። አንድ በአንድ አቅፈው "አይዞሽ፣ እኛ አለንልሽ" አሏት። ሙዚቃ ተከፈተ። ሥጋ ተጠበሰ። "ብቻሽን አንተውሽም!" እያሉ እስኪመሽ በመሃል አስቀምጠው አበሏት። የሥራ አመራር ኮሚቴውም እዚያው በአስቸኳይ ተሰብስቦ አንቀጽ አራት ላይ "የዝምታ ሰዓት" የሚል ንዑስ አንቀጽ ጨመረ። ከዘጠኝ እስከ አሥር ሰዓት ማንም አያወራም፤ ሰዓቱ መጀመሩንና ማለቁን ጸሐፊው በድምፅ ማጉያ ያስታውቃል።

ጸሐፊው ማጉያውን አንስቶ ሲሞክረው ሚስቴ መሳቅ ጀመረች። ሳቀች፣ ሳቀች፣ ሁላችንም አብረናት ሳቅን። መሃል ላይ ሳቁ ለቅሶ እንደሆነ ያየሁት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ለማንም አልተናገርኩም።

ከዚያ በኋላ ወዲያው ጨዋ ሰው ሆንኩ ብል ውሸት ነው። ሊቀመንበርነቱን ለመልቀቅ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ፤ ወንበር ይጣፍጣል። በመጨረሻ "በጤና ምክንያት" ብዬ ጻፍኩ። ኮሚቴው መልቀቂያዬን ከማጽደቁ በፊት ከማን ጋር እንደተቀያየምኩ እንዲያጣራ ሁለት ሰው ላከብኝ።

ጥቅምት ላይ፣ ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር፣ እሷ ሦስት ቀን ኦፍ አገኘች። ማክሰኞ ጠዋት ትሬለሩን ከፒካፑ ጋር ቀጥዬ ወደዚያው ሐይቅ ወሰድኳት። ፓርኩ ባዶ ነበር። ከኋላ "ና! ና!" የሚለኝ ሰው ስለሌለ በሁለተኛው ሙከራ ልክክ አድርጌ አቆምኩት። ውሃ ሞላሁ፤ ጋዙን አየሁ፤ እንጨት ፈልጬ አስቀመጥኩ። ከዚያ ትሬለሩን ከፒካፑ ፈታሁትና የመኪናዬን ቁልፍ ከኪሴ አወጣሁ።

"የት ልትሄድ ነው?" አለችኝ።

"ቤት። ሐሙስ መጥቼ እወስድሻለሁ።"

ቁልፉን አየች፤ እኔን አየች። እኔ የምናገረው ሺህ ነገር ነበረኝ። ማታ በሩን ቆልፊ፣ ራኩን የሚሉት አውሬ ሊመጣ ይችላል፣ ስልክሽን ቻርጅ አድርጊ፣ እኔ እኮ ያን ጊዜ እንደዚያ ያልኩት... ሁሉንም ዋጥኩት። በሕይወቴ እንደዚያ የከበደኝ ነገር የለም።

ዋይትሆል ሳልደርስ ጸሐፊው ኮል አደረገኝ። መኪናዬ ስትወጣ ያየ ሰው ነግሮታል።

"የት ናት?"

"ካምፕ።"

"ከማን ጋር?"

"ብቻዋን።"

"በቃ፣ ለጋሼ እነግራቸዋለሁ" ብሎ ዘጋው። እስከ ማታ ድረስ ስድስቱ ትሬለር ተሰልፎ ወደ ሰሜን ሲዘምት እየታየኝ ነፍሴን ሳላውቅ ዋልኩ። መሸት ሲል ጋሼ ራሳቸው ደወሉ። "ለሁሉም ነግሬያለሁ" አሉ። "እዚያ የሄደ ሰው ከእኔ ጋር ይጣላል። ያን ጊዜ ማን እንደሚያስታርቀው እናያለን።" ስልኩን ዘግቼ ብቻዬን እንደ እብድ ሳቅኩ።

ሐሙስ ለስምንት ሰዓት ቀጥሬያት ስድስት ሰዓት ላይ ደረስኩ። ውሃው ዳር፣ ወንበሯ ላይ ሆና፣ ራሷን ወደ ጎን ጥላ ተኝታለች። አፏ ትንሽ ተከፍቷል። ቤት ውስጥ እንደዚያ ስትተኛ አይቻት አላውቅም፤ ቤት ስትተኛ ግንባሯ እንኳን አይፈታም። የመኪናውን በር ከከፈትኩ እንደምትነቃ ስለገባኝ ሞተሩን አጥፍቼ ቁጭ አልኩ። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ አጠፋሁት። ሬዲዮ የለ፣ ወሬ የለ፤ ሁለት ሰዓት ያህል ባለቤቴን አየኋት። አልሰለቸኝም።

ስትነቃ ዞር ብላ አየችኝና ወደ መኪናው መጣች። "መቼ መጣህ?"

"አሁን" አልኩ።

ትሬለሩን ቀጥለን ተመለስን። ሰባ አንድ ቁጥር አውራ ጎዳናን ይዘን ወደ ደቡብ ስንወርድ፣ እኔ መንገዱን እያየሁ፣ ሳልጠይቃት መናገር ጀመረች። ስለ አለቃዋ አወራች፤ ስለ ጓንት መጥፋት አወራች፤ እዚያ ስለነበሩት ሰዎች አንድ በአንድ አወራች። ቱ ሰቨንቲ የሚባለው አውራ ጎዳና ላይ ስንገባ "አንዲት ነበረች" አለች። "ማንም የማይመጣላት። ሌሎቹ መስኮት ጋ ሲወሰዱ እሷም እንዳበጥራት ትጠይቀኝ ነበር። አበጥሬ መስኮቱ ጋ አስቀምጣታለሁ። ውጪ ማንም የለም።"

በመንገዱ ሁሉ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቅኳት። "ምን ትያት ነበር?"

"'ልጅሽ መንገድ ላይ ናት፤ ዝናብ ይዟት ነው' እላት ነበር። በየቀኑ። ፀሐይ እያለም።"

የብሮድ ስትሪት መውጫ፣ የእኛው መውጫ፣ ደረሰ። ፍሬቻ አላበራሁም። ቱ ሰቨንቲ ከተማውን ዙሮ ተመልሶ እዚያው የሚያመጣ መንገድ ነው፤ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል። መውጫውን አልፌ ነዳሁ፤ እሷም ማውራቷን ቀጠለች።